እስከ አምስት መቁጠር

ያን ሐሙስ ከሰዓት በአሥራ አንድ ሰው ፊት ያዋረድኳት ሴት እኔው ነበርኩ። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም። በማላውቃት ሴት ላይ አፌን መክፈቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ ባሳለፍኩት፣ ለጨዋታም በሆነኝ ነበር። አንገቴን ያስደፋኝ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ያደረግኩት ነው።

ሥራዬ የሰውን ኑሮ መጠየቅ ነው። ቢሯችን ትንሽ ናት፤ ሦስት ክፍልና አንድ ረጅም ጠረጴዛ አላት፣ የጠረጴዛው አንድ እግር ስለሚያነክስ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። በየሦስት ወሩ መረጃ ሰብሳቢዎቻችን በአካባቢው የተመረጡ ቤቶችን እያንኳኩ ስድሳ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ጤና ነው፤ ምን ያምማል፣ ማን ወደቀ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰዳል ወይ። ቀጥሎ ኑሮ ነው፤ ምን ተበላ፣ ሥራ አለ ወይ፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ። ሦስተኛው ሰው የሚስቅበት ክፍል ነው፤ ትናንት ከማን ጋር አወሩ፣ ቢወድቁ ማንን ይጠራሉ፣ ከሰው ጋር የሳቁት መቼ ነው። ቅጹ ላይ ስም አይጻፍም፤ ያለው የቤቱ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። መልሱ ተደማምሮ ቤቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሆናል። ቀይ የሆነ ቤት በሳምንት ውስጥ ድጋሚ ይጠየቃል፣ ነገሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ የጤና ባለሙያ ይላክለታል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚውል ሰው ካለ ደግሞ አጫዋች ይመደብለታል፤ ማክሰኞና ዓርብ እየመጣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያወራ በጎ ፈቃደኛ ማለት ነው። አጫዋቾቻችን ዘጠኝ ብቻ ናቸው፣ ወረፋው ረጅም ነው።

እዚህ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ አብዛኛውን በእግሬ ዞሬአለሁ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ወንበር ሰጡኝ፤ አሁን የመጡትን ቅጾች አጣራለሁ፣ አዲስ ገቢዎችንም አሠለጥናለሁ። ሁሉም የሚጠሩኝ «እትዬ አምስት» ብለው ነው። ስሙ የወጣልኝ ከማስተምረው ነገር ነው። «ሰው መጀመሪያ የሚላችሁ ‹ደህና ነኝ› ነው» እላቸዋለሁ። «እሱ የድስት ክዳን ነው፣ አትመኑት። ጠይቁና አፋችሁን ዝጉ። በሆዳችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ሦስት ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አራት ላይ መሬት መሬት ያያል። አምስት ላይ እውነቱን ይነግራችኋል። የናንተ ችግር ምን መሰላችሁ? ሁለት ላይ ስትደርሱ ሌላ ጥያቄ ትጠይቃላችሁ።» በዚህ ነገር እኮራ ነበር። ከሌላ አካባቢ ቢሮዎች ሳይቀር መጥተው ጽፈውት ሄደዋል። የተቆለፈ ቤት በአፏ ትከፍታለች ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ቁጭ ብያለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የተሰበሰቡት ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋሉ። ለየት ያለ ቅጽ ያጋጠመው ሰው ሌላው እንዲማርበት ጮክ ብሎ ያነበዋል። ያን ቀን ቁጥር 417 እኔ እጅ ገባ። የሞላችው «ቀጭኗ» የምንላት አዲሷ መረጃ ሰብሳቢ ነበረች፤ እኔው ያሠለጠንኳት፣ ስታወራ ጆሮ ማስጠጋት የሚያስፈልግ ዓይነት ልጅ። ጽሑፏ ግን ንጹሕ ነው። ቆሜ አነበብኩት።

«ዕድሜ፣ ሰባ ስድስት። አብሯቸው የሚኖር፣ አንድ ሴት ልጅ፣ የቢሮ ሠራተኛ። ትናንት ስንት ጊዜ በሉ? አንድ ጊዜ፣ ማታ። ቀን ደረቅ ዳቦ ቀመስ አድርጌያለሁ። ቤት ውስጥ ምግብ የለም? ሞልቷል። ታዲያ ለምን አልበሉም? ማሞቅ አልችልም፤ ልጄ ጠዋት ስትወጣ የጋዙን ማዞሪያ አጥብቃ ትዘጋዋለች፣ ጣቶቼ አይከፍቱትም። ለልጅዎ ነግረዋታል? አልነገርኳትም። ለምን? ደክሟት ነው የምትመጣው። ባለፉት ሦስት ወራት ወድቀዋል? ሁለት ጊዜ፣ መታጠቢያ ቤት። ማን አነሳዎት? ራሴ፣ ትንሽ ቆይቼ። ትናንት ከማን ጋር አወሩ? ከሬዲዮው ሰውዬ ጋር። መጨረሻ ከአሥር ደቂቃ በላይ ያዋራዎት ሰው ማን ነው? አንቺ፣ አሁን።»

ደሜ ፈላ። ሲፈላ ደግሞ አፌ አይገደብም።

«ይቺም ልጅ ተብላ ነው?» አልኩ ቅጹን እያራገብኩ። «እናቷ ላይ ጋዝ የምትቆልፍ! ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ ሽቶዋን ነስንሳ፣ ሰው መስላ ቢሮ ትገባለች እኮ! ሥራ ቦታዋ ብትጠየቅ ‹እናቴን የምጦር እኔ ነኝ› ነው የምትለው። እንዲህ ያለችዋን አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ባገኘኋት!» ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እኔም ሳቁ አሞቀኝና ቀጠልኩበት፣ የልጅየዋን አረማመድ ሁሉ እያስመሰልኩ አሳየኋቸው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ቅጹ ጥግ ላይ «ልጅየዋ ኅሊና የላትም። ቤቱ በአስቸኳይ ይጎብኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ቀጭኗ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ስትፈልግ ነበር። አስተባባሪያችን፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ረጋ ያለ ሰው፣ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገ። ንግግሬ ልቡን ነክቶት መሰለኝ።

ሰው እንዴት እናቱን አያውቅም ትሉኝ ይሆናል። ስምንት ዓመት ሙሉ ራሴን ሳልጠይቅ የኖርኩት እሱን ነው። እማዬ ለእኔ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ጊዜ ስልሳ ስምንት አለችና እዚያው ቆመች፣ እኔም እዚያው ተውኳት። መውደቋን አልሰማሁም። የኛ መንገድ ከዚህ ዙር ጀምሮ ከሚጠየቁት ጋር ተጨምሮ ኖሯል፣ አዲሱ የቤቶች ዝርዝር ሁለት ሳምንት ሙሉ የሻይ ብርጭቆዬ ማስቀመጫ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እማዬማ ነግራኛለች። «ዛሬ ከናንተ መሥሪያ ቤት አንዲት ልጅ መጥታ ነበር፣ እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ» ብላኛለች፤ እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ «እሺ እማዬ» አልኳት። በዚያ ቤት ውስጥ የኔ ድርሻ «እሺ እማዬ» ነው።

ዓርብ ጠዋት ለሥራ ስወጣ እንደ ልማዴ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤት ማድ ቤት ተቃጥሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጋዙን ሳላጠብቅ ወጥቼ አላውቅም። የሲሊንደሩን ማዞሪያ ያዝኩና አንዴ አዞርኩት፣ ሁለቴ አዞርኩት፣ ሦስተኛውን እንደ ሁልጊዜው በሙሉ ክንዴ አጠበቅኩት። እጄ እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ። «ጣቶቼ አይከፍቱትም።» ትናንት ቆሜ በቲያትር ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩት፤ ሰኞ ሠርቼ ያስቀመጥኩት ምግብ ክዳኑ ሳይነካ ተቀምጧል። በርጩማው ላይ ዘጭ አልኩ።

አሁን የምናገረውን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ የእናቴ ረሃብ አይደለም። መጀመሪያ የመጣብኝ አሥራ አንዱ ሰው ነው። ማን ሳቀ፣ ማን አልሳቀም፣ ማን ያውቅ ነበር እያልኩ ፊታቸውን አንድ በአንድ ስቆጥር፣ እማዬ ከመኝታ ቤት «ልጄ፣ ሄድሽ?» አለች። «ሄድኩ» አልኳትና ወጣሁ። ማዞሪያውን መልሼ ማላላቱ እንኳ ትዝ ያለኝ ግማሽ መንገድ ከደረስኩ በኋላ ነው። አልተመለስኩም፣ ረፍዶብኝ ነበር።

ቀጭኗን ኮፒ ማሽኑ ጋ ብቻዋን አገኘኋት።

«417 የማን ቤት ነው?» አልኳት።

«እትዬ፣ እሱ እኮ አይነገርም።»

«የኔ ቤት ነው!»

ማሽኑን አጠፋችው። «አወቁት ማለት ነው» አለች መሬት መሬት እያየች።

«አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

«ገና ስገባ። ፎቶዎ ግድግዳው ላይ አለ፣ የምረቃ ልብስ የለበሱበት።»

«ታዲያ ትናንት እንደዚያ ስለፈልፍ አፍሽን ይዘሽ ታይኛለሽ?»

«ማን ቤት ምን እንደሰማችሁ ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

መልስ ሲጠፋኝ እቆጣለሁ። «እሷ ለእኔ ያልነገረችኝን ላንቺ እንዴት ነገረችሽ? ምን ብለሽ አስለፈለፍሻት?»

ቀጭኗ ቀና ብላ አየችኝ። በአሽሙር እንዳልሆነ ዓይኗ ያስታውቃል፤ የከፋውም እሱ ነው። «እስከ አምስት ቆጠርኩ» አለች።

እዚህ ላይ ማፈርና መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «አንድ ጊዜ የሚለውን ሦስት ጊዜ አድርጊልኝ» አልኳት። አንዲት ቁጥር ቀይራችኋል ብዬ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው ከሥራ አስባርሬአለሁ። አንደኛው የልጆች አባት ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ ለምኖኛል። ቀጭኗ እንባዋ አቀረረ። «አልችልም እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። እሷ ናት እኔን ይቅርታ የጠየቀችው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የድጋሚ ጥያቄው መርሐ ግብር ተለጥፎ ነበር፦ ቁጥር 417፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ጠያቂ አስተባባሪው ራሱ።

ዓርብ ማታ ራት ከበላን በኋላ ስልኬን ዘግቼ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ደነገጠች። «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለችኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም። ነገ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ይመጣል። ያቺ ልጅ የጠየቀችሽን እንደገና ይጠይቅሻል።»

ፊቷ በራ። «ያ ሁሉ ጥያቄ? እንደገና?»

«እንደገና። ግን እማዬ… ያን ጊዜ ሳትረጂው የመለስሽው ነገር አለ መሰለኝ። ሰዉ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። እስቲ እንለማመድ። በቀን ስንት ጊዜ ትበያለሽ?»

እማዬ አየችኝ። ትንሽ ቆይታ ብርሃኑ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ሁሉም ነገር ገብቷታል። የቀድሞ አስተማሪ ናት፣ ተማሪ ሲኮርጅ ከጀርባው ታውቃለች። ቢሆንም እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ስንት ልበል?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«ሦስት ጊዜ እበላለሁ።»

«ወድቀዋል ወይ ካለሽስ?»

«አልወደቅኩም።»

«ከማን ጋር ታወሪያለሽ?»

«ከልጄ ጋር። ማታ ማታ። ብዙ እናወራለን።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «በጣም ብዙ ልበል ወይስ ብዙ ይበቃል?»

«ብዙ ይበቃል» አልኳት። ይህንን በገዛ አፌ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ማዞሪያውን አላላሁት፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቆየውን ምግብ ደፋሁ። አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ተጠያቂ ብቻውን ነው የሚጠየቀው፣ ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ማድ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ከኋላው ቆምኩ።

አስተባባሪው «እናቴ፣ እንደምን አደሩ» ብሎ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ሲዘረጋ ሰማሁት። መጠየቅ ጀመረ። ደህና ጠያቂ ነው፤ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ዝም ይላል። ያ ዝምታ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። በሩ ኋላ ቆሜ አብሬው ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በየአምስቱ ላብ አጠመቀኝ። እማዬ ግን ወይ ፍንክች። ሦስት ጊዜ እበላለሁ። አልወደቅኩም። ብዙ እናወራለን። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እንደ እሷ ያለ ውሸታም አላጋጠመኝም፤ የምትዋሸው ደግሞ ለእኔ ነው።

መጨረሻ ላይ አስተባባሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ይሄ ቅጹ ላይ የለም። ማክሰኞና ዓርብ እየመጣች የምታጫውትዎት ሰው ብንልክልዎስ? አሁን አንዲት ቦታ አለችን።»

«ምን ዓይነት ሰው?» አለች እማዬ ፈጠን ብላ።

«ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት።»

«አዋላጅ!» አለች። ይህን ድምጿን ከሰማሁት ስንት ዓመቴ። «አዋላጅማ ስንት ጉድ ታውቃለች! ወሬ ትወዳለች?»

«ካልጀመረች ነው እንጂ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም» አለ እየሳቀ።

እማዬም ሳቀች። ከዚያ ዝም አሉ። ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት። በሩን ገፍቼ «ይላኩላት» ማለት እችል ነበር፣ አንዲት ቃል ናት። ሦስት፣ አራት። እጄ በሩ ላይ ነው። አምስት። አስተባባሪው አሁንም ዝም ብሏል። ስድስት። ሰባት።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አለች እማዬ። «እኔ ልጄ አለችልኝ። ለሌለው ስጧት።»

እኔ ማድ ቤት ውስጥ ነበርኩ። እጄን ከበሩ ላይ አወረድኩት።

አስተባባሪው ከሄደ በኋላ ትንሽ ቆይቼ፣ በጓሮ በር ዞሬ ከውጭ እንደመጣ ሰው ገባሁ። እማዬ ጠረጴዛው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ እየሰበሰበች ነበር። «በደንብ መለስኩ» አለችኝ። «አረንጓዴ ነው አለ።»

«ተባረኪልኝ እማዬ።»

«የድሮውን ወረቀት ከአዲሱ ጎን ዘርግቶት ነበር» አለች ፍርፋሪዋን እያየች። «በቀይ የተጻፈ አለበት። ጽሑፉን አወቅኩት፤ ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ትሰድበኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንደሱ ብታደርግ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ለምን እንደዚያ ብለሽ ትጽፊባታለሽ?» አለችኝ። «አታውቂያትም እኮ። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። ማዞሪያውን የምታጠብቀው ቤቱ እንዳይቃጠል፣ እናቷ እንዳትጎዳባት ብላ ነው። ስለማታውቂያት ሰው እንዲህ አይባልም።» ፍርፋሪዋን በእጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። እኔን ከእኔ የተከላከለችልኝ እሷው ናት።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ዙሪያ እንደተሰበሰብን ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ መሬት አየሁ። «417 የኔ ቤት ነው» አልኩ። «ሐሙስ ዕለት የሰደብኳት ልጅ እኔ ነኝ። ቅዳሜ እናቴ የመለሰችው ሁሉ ውሸት ነው፣ አስጠንቼ ያስመለስኳት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ነው እውነቱ።»

ማንም አልተገረመም። ያ ገደለኝ። ግማሹ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ ግማሹ ጥፍሩን ያያል። ለካ አዲሱን የቤቶች ዝርዝር አይተውት፣ ሐሙስ ዕለት ከሳቁት ሁለት ሦስት ሰዎች በቀር የማያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ ዝም ያሉት በንግግሬ ተመስጠው አልነበረም።

አስተባባሪው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ጠራኝ። «ቅዳሜ ጫማሽን በማድ ቤቱ በር ሥር አይቼዋለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ሲሄዱበት የሚጮኸው ጫማሽ። ማድ ቤት እንዳለሽ ገብቶኛል።»

«ጋሼ…»

«አምስት ላይ መልስ አልመጣም። ሁለት ጨመርኩ። እነዚያን ሁለቱን የቆጠርኳቸው ለእናትሽ አይደለም።»

ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። «አሁንስ?» አልኩት። «አዋላጇ…»

«ቅዳሜ ከሰዓት ለሌላ ቤት ሰጠኋት። ብቻቸውን የሚኖሩ ዓይነ ስውር ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ በር ስትከፍት አለቀሱ አለችኝ። ሄጄ ልንጠቃቸው?» መነጽሩን አወለቀ፣ ግን አልጠረገውም። «የጤና ባለሙያዋን ዛሬውኑ እልካለሁ። አጫዋች ግን የሚቀጥለው ዙር ነው። ሦስት ወር።»

በሐሙሱ ቅጽ ላይ የጻፍኩትን ለመሰረዝ ፈልጌ አነሣሁት። ከዚያ ተውኩት። ምኑ ተሳስቶ ነው የሚሰረዘው?

በዚያው ቀን ለምሳ ወደ ቤት ሄድኩ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ቤቴን በዚያ ሰዓት አይቼው አላውቅም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግማሹን ሶፋ ይዛለች፣ እማዬ ግማሹን ይዛለች። ሬዲዮው ያወራል። ከፊቷ ደረቅ ዳቦ በሳሕን ተቀምጧል። ጋዙን አላልቼው ሄጄ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያልተነካ ነገር ግን ስለላላ ብቻ የሚነካ አይደለም፣ ፈርታው ነበር።

«ምነው፣ አሞሽ ነው?» አለችኝ ልትነሣ እየሞከረች።

«አላመመኝም። ምሳ ልበላ መጣሁ።» ምግብ አሞቅኩ፣ አብረን በላን። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጋሁትና ከቦርሳዬ ባዶ ቅጽ አወጣሁ። እማዬ ወረቀቱን ስታይ ሻሿን አስተካከለች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ምን ልበል?» አለችኝ።

«ዛሬ እንዳሻሽ። እውነቱን።» የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩላት። «ጤናሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ» አለች።

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ዝም አልኩ። አንድ። ሁለት። ቤቴ ውስጥ ከሁለት አልፌ አላውቅም። ሦስት ላይ እማዬ አየችኝ። አራት ላይ ሶፋውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች። አምስት ላይ ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ዘረጋችልኝ።

«ጨረስሽ አይደል?» አለችኝ። «እንዳይረፍድብሽ፣ ሂጂ።»